ለአልጣሽ የተሰፋ ኮርቻ

ፈረስ አፍ የለውም ይባላል። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። «አፍማ አለው፤ ጀርባው ላይ ነው እንጂ» ይላሉ።

ከጌሻ ደካም ሆነ ከቢታ ገነት በፈረስ የመጣ ሰው «ፈረሴ ለገመብኝ» ብሎ ቦንጋ ካለችው የኮርቻ መስፊያ ሱቃቸው ደጃፍ ሲቆም፣ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ የሰውየውን ወሬ ለመስማት አይቸኩሉም። ኮርቻውን ያወርዳሉ፤ ከሥሩ ያለውን ድብዳብ ያነሣሉ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ከፈረሱ ጫንቃ እስከ ወገቡ ቀስ አድርገው ያሳልፋሉ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ይቆማል። «እዚህ ጋ ያቃጥለዋል» ይላሉ። ፈረሱም ልክ ናቸው ለማለት ያህል ቆዳውን ያንቀጠቅጣል። ከዚያ በኋላ ወደ ባለቤቱ ዞር ብለው «አሁን ተናገር» ይሉታል።

አባታቸው ሙያውን ሲያስተምሯቸው የጀመሩት ከመርፌና ከወስፌ አይደለም፤ ከአንዲት ሕግ ነው። ኮርቻ በግራና በቀኝ ይረፍ እንጂ የፈረሱን አከርካሪ አይንካ። መሐሉ እጅ የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ ከሌለው፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ገጣባ ማምረቻ ነው። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ በዚህች ሕግ አርባ ዓመት ሠርተው አንድ ፈረስ አላቆሰሉም። ያቆሰሉት የገዛ ልጃቸውን ነው።

ልጃቸው አንድ ናት፤ አልጣሽ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት እናቷ ናቸው፤ ከእሷ በፊት ሁለት ልጆች ቀብረው ስለነበር። አልጣሽን አላጧትም፤ እሷ ግን በአራት ዓመቷ እናቷን አጣች። ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ ከአንድ ገበታ ቆጮ እየቆረሱ፣ በአገሬው ቋንቋ በካፊኖኖ እየተቀላለዱ ኖሩ። ጋሽ ወልዴ የልጃቸውን ፀጉር ራሳቸው ይሠሩ ነበር። ጠፍር ለሚጎነጉን እጅ ሹሩባ ምን ይከብደዋል!

ልጅ ግን ያድጋል። አንድ ቀን ጎረቤታቸው እትዬ ዙፋን በአጥር ላይ ብቅ አሉና «ጋሽ ወልዴ፣ ልጅቱ እኮ ደርሳለች፤ ንጹሕ ጨርቅ ይግዙላት» አሏቸው። ጋሽ ወልዴ እስከ ጆሯቸው ድረስ ጋሉ። ገበያ ወርደው ስድስት ክንድ አቡጀዴ ገዙ፤ አልጋዋ ላይ አስቀምጠው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ። እሷም አንድ ቃል ሳትተነፍስ አነሣችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሁለቱ መሐል የማይነሣ ነገር ኖረ። ማንም አልደነገገውም፤ ሁለቱም ግን ከጾም ይልቅ ጠበቁት።

አስፋልቱ ከጅማ ቦንጋ በደረሰ በሁለተኛው ዓመት የአልጣሽ የአሥረኛ ክፍል ውጤት ለመሰናዶ ሳይበቃ ቀረ። ልጅቱ ለሁለት ወር ያህል ከቤት አልወጣችም። ያነሣት የስፖርት መምህሯ ኃይለሚካኤል ነው፤ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ፣ የቦንጋን ዝናብ በየቀኑ የሚረግም፣ ተማሪዎቹን ግን የሚወድ ወጣት። አንድ እሑድ ጋሽ ወልዴ ቤት መጥቶ ጫማው ላይ የተጋገረውን ጭቃ ደጃፍ ላይ ሲያራግፍ ቆየና ገባ።

«ጋሼ፣ ውድድር አለ። ትራያትሎን ይባላል። ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ነው፤ ሦስቱም ያለ ዕረፍት ተከታትለው። ግንቦት ላይ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ይካሄዳል።»

«ሦስቱንም ባንድ ቀን?» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ምን በድላ?»

መምህሩ ሳቀ፤ አልጣሽም ከጓዳ ሳቀች። ከሁለት ወር በኋላ የሰሙት የመጀመሪያ ሳቋ ስለነበር ጋሽ ወልዴ የቀረውን በጥሞና አዳመጡ። አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡ ሁለት ሴቶች የክልሉ ክለብ ውስጥ ይገባሉ፤ መኝታ አለው፣ ምግብ አለው፣ ማታ ማታ ትምህርታቸውን ይቀጥላሉ። አልጣሽ ጎጀብ ወንዝ ዳር አክስቷ ዘንድ ስትመላለስ ያደገች ናት፤ ዋና ታውቃለች። ሩጫዋንም መምህሩ ያውቀዋል። የቀራት ብስክሌት ነው፤ እሱንም ከዞኑ በውሰት ያመጣላታል።

«ሌላ በር የላትም ጋሼ» አለ ኃይለሚካኤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይኼ ነው በሩ።»

ብስክሌቱ መጣ። አሮጌ ቢሆንም የእሽቅድምድም ነው፤ መሪው ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማው ቀጭን። ኮርቻው ግን ደርቆ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ነበር። አልጣሽ በየማለዳው በዝናብም በጉምም ውሽውሽ የሻይ እርሻ ድረስ ትጋልብና ትመለሳለች። ነፋስ እንዳይዛት ደረቷን መሪው ላይ አስተኝታ፣ አንገቷን ሰብራ ነው የምትሄደው። ጋሽ ወልዴ አንድ ቀን ከሱቃቸው ደጃፍ እንደዚያ ሆና ስትከንፍ አይተዋት «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ከዚያ ወዲያ ስታልፍ ዓይናቸውን ወደ ሥራቸው ይመልሱ ነበር። ሴት ልጅ፣ ያውም የራስ ልጅ፣ እንደዚያ ተደፍታ ሲያዩዋት ደስ አይልም።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቱ አረማመዷ ተለወጠ። እግሯን ከፈት አድርጋ፣ እየተጠነቀቀች ትራመዳለች። ምሳ ቆማ ትበላለች። ስትተኛ በሆዷ ነው። ጋሽ ወልዴ ይህን ሁሉ አዩ።

«ምን ሆነሻል?»

«ጉልበቴን ነው አባዬ።»

ፈረስ ቢሆን ኖሮ መዳፋቸውን ያሳልፉበት ነበር። ልጃቸው ስለሆነች ግን የነገረቻቸውን አመኑ። ጉልበቷ ተብሏልና ጉልበቷን በቅቤ አሹ። መምህሩም የት እንደሚያማት ሲጠይቃት «ጉልበቴን» ስላለችው የኮርቻውን ቁመት አንድ ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ አደረገ። እትዬ ዙፋን ሳይቀሩ ለጉልበት የሚሆን ቅጠል ወቅጠው ላኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የአልጣሽ ጉልበት ግን በመላው ካፋ እንደሱ የታከመ ጉልበት አልነበረም።

ያም ሆኖ ጋሽ ወልዴ ነገሩ ከኮርቻው እንደሆነ ልባቸው ሳይጠረጥር አልቀረም። የተሰነጠቀውን ፕላስቲክ በዓይናቸው ሲያዩት ሙያቸው ይቆጣ ነበር። አንድ ቀን መናኸሪያው አጠገብ ብስክሌት የሚጠግነው አብዱ ዘንድ ሄዱ።

«ለልጄ የሚመች ኮርቻ የትኛው ነው?»

አብዱ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሁለት ሦስት አሮጌ ኮርቻዎች አወጣላቸው። እሱ ሴላ ነው የሚላቸው። አንዱ ወፍራም ስፖንጅ ያለው ነበር። ጋሽ ወልዴ በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት ለስላሳ ሆኖ አገኙትና ደስ አላቸው።

«ይኼማ ለገበያ ነው ጋሼ» አለ አብዱ። «ቀጥ ብሎ ለሚቀመጥ ሰው። የአልጣሽ አነዳድ ሌላ ነው። ወደፊት ስትደፋ ክብደቷ ከኋላ ወደፊት ይመጣል። ያኔ ለስላሳው መሐል ለመሐል ያብጥና ይብሳል። ለእንደሷ ዓይነት ውድድር፣ በተለይ ደግሞ ለሴት ልጅ፣ መሐሉ ክፍት የሆነ ሴላ አለ። አዲስ አበባ ሳለሁ አይቻለሁ። ምክንያቱም ሴት ልጅ ያው...»

«ያው ምን?»

«ያው ጋሼ፣ እዚያ ጋ ስለሚጫናት...»

«ዝም በል!» አሉ ጋሽ ወልዴ። ሻይ የሚጠጡ ሹፌሮች ዞር ብለው አዩ። «የልጄን ገላ ነው መናኸሪያ መሐል የምታወራው? አሳዳጊ የለህም?»

«አፉ በሉኝ ጋሼ፤ ለክፋት አይደለም» አለ አብዱ፤ ፊቱ ጠቁሮ። ጋሽ ወልዴ ግን ኩታቸውን አጣፍተው ሄዱ። አብዱ የነገራቸው የገዛ አባታቸውን ሕግ ነበር፤ ሳይሰሙት ሄዱ። ዓይን ለራሱ ባዳ ነው።

እቤታቸው ሲደርሱ ቁርጥ ሐሳብ ይዘው ነበር። ለባላባት ፈረስ የሰፋ እጅ ለገዛ ልጁ ሳይሰፋ ይቀራል እንዴ! ልኳን ለመውሰድ የተጠቀሙበት ዘዴ እስከ ዛሬ ድረስ እትዬ ዙፋንን ያስቃቸዋል፤ ያስለቅሳቸዋልም። ቀይ የሸክላ አፈር አርሰው በሳጥን ውስጥ ደለደሉ፤ በላዩ ስስ ሌጦ ጣል አደረጉበት፤ ሳጥኑን በርጩማ ላይ አስቀመጡና እትዬ ዙፋንን ጠርተው «ልጅቱን እዚህ ላይ ትንሽ ያስቀምጡልኝ» ብለው ራሳቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ሄዱ። ሲመለሱ በአፈሩ ላይ ሁለት ጎድጓዳ ቦታዎች ነበሩ፤ የሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ምልክት። ጋሽ ወልዴ በመሐላቸው ያለውን ስፋት በጠፍር ለኩ። እስከዚህ ድረስ የባለሙያ ሥራ ነው። ነገር ግን አልጣሽ በዚያ ሳጥን ላይ የተቀመጠችው እንግዳ ቤት እንደገባች ልጃገረድ ቀጥ ብላ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። ተደፍታ እንድትቀመጥ ማን ይንገራት?

ኮርቻውን ለመስፋት ዘጠኝ ቀን ፈጀባቸው። ከላይ በአባታቸው ጊዜ የለፋ የፍየል ቆዳ፤ ከውስጥ ታጥቦ የተባዘተ የበግ ፀጉር፤ ከሥር የድሮው ኮርቻ ብረት። ለፈረስ ቢሆን መሐሉን ይከፍቱት ነበር። ለልጃቸው ግን ክፍት ቦታ መተው ስስት መሰላቸው። ሞሉት። ጠቅጥቀው ሞሉት። በተጫነ ቁጥር ይበልጥ እንዲለሰልስ፣ እናቷ ብትኖር የምታደርገውን ሁሉ በበግ ፀጉር ለማድረግ ሞከሩ። በጠርዙ ላይ በቀይ ክር የመስቀል ጥልፍ ጠለፉበት።

አልጣሽ ስታየው ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ አየው። ቆዳ የሚነካ እጅ ነው እየተባሉ በየሰርጉ ድንኳን ጥግ ይቀመጡ የነበሩት ጋሽ ወልዴ ያን ቀን በየሰዉ እጅ ኮርቻቸው ሲዘዋወር እያዩ እንደ ሙሽራ አባት ቆመው ነበር። ኃይለሚካኤልም «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሙዚየም ነው መግባት ያለበት» አላቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት አልጣሽ ስትመለስ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን እየዘፈነች ገባች። ቁጭ ብላ ምሳ በላች! መምህሩ ሰዓቱን እያሳየ «ከውሽውሽ ስትመለስ አሥር ደቂቃ ቀንሳለች» ብሎ ሊነግራቸው ሱቃቸው ድረስ ሮጠ። ጋሽ ወልዴ በዚያን ሳምንት ለገበያተኛው ሁሉ አወሩት። «አላልኳችሁም? ኮርቻ ነው ነገሩ!» አብዱን እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኙት አገጫቸውን ቀና አድርገው አለፉት። አንድ ነገር ብቻ ትንሽ ቅር አላቸው። አልጣሽ ኮርቻውን ሁልጊዜ በፌስታል ትሸፍነዋለች። «ዝናቡ እንዳያበላሽብኝ ነው አባዬ» አለቻቸው። የቦንጋ ዝናብ ለዚህ በቂ ምክንያት ስለሆነ ዳግመኛ አልጠየቁም።

ሐዋሳ ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ጋሽ ወልዴ «ኮርቻውን ፈትተሽ አምጪልኝ፤ ለውድድሩ ቅቤ አጠጣዋለሁ» አሏት። ልጅቱ ክው አለች።

«ግዴለም አባዬ፤ ደህና ነው።»

«የምን ግዴለም ነው! ቆዳ ቅቤ ካልጠጣ ይኮማተራል።»

«እንግዲያው ጠዋት መናኸሪያ አመጣልዎታለሁ፤ ብስክሌቱ መምህሩ ቤት ነው ያለው።»

በማግስቱ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ተገናኙ። ብስክሌቱ የአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሊጫን ነው፤ ረዳቱ ይጮኻል፤ ሰዉ ይጋፋል። ጋሽ ወልዴ በደብዛዛው ብርሃን በቅቤ የራሰውን ጨርቅ ኮርቻው ላይ ቶሎ ቶሎ አሳለፉት። መሐል ላይ አንዲት ቀጭን ሸንተረር ጨርቁን ያዝ አደረገችባቸው። «ስፌቴ ነው» አሉ በልባቸው። መዳፋቸውን አላሳለፉበትም፤ ረዳቱ ብስክሌቱን ከእጃቸው ወሰደው። አልጣሽ በመስኮት ብቅ ብላ እጇን አውለበለበችላቸው። ጋሽ ወልዴም «በሩን ከፍተሽ ግቢ ልጄ!» ብለው ጮኹ፤ ሰዎች ስለ አውቶቡሱ በር መስሏቸው ሳቁ።

በአምስተኛው ቀን ተመለሱ። ኃይለሚካኤል ቀድሞ ሱቅ መጣና ሳይቀመጥ ተናገረ።

«ከሐይቁ ሁለተኛ ሆና ወጣች ጋሼ። ብስክሌቱ አራት ዙር ነበር። በመጀመሪያው ዙር አንደኛዋን አልፋ ሄደች። የሰዉ ጩኸት ያሳብድ ነበር። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን መቀመጥ ተወች። ቆማ ነው የጋለበችው፤ ሁለት ዙር ተኩል ሙሉ ቆማ! ድንጋይ የሆነ እግርም ቢሆን አይችለውም። ሩጫው ሲመጣ ጉልበቷ አልቆ ነበር። አንድ በአንድ አለፏት። አምስተኛ ወጣች።»

«ምን ሆኜ ነው አለች?»

«ጉልበቴን ነው አለችኝ። ጉልበቷን አሰርኩላት» አለ መምህሩ፤ እንባው መጣ። «ሁለት ብቻ ነበር የሚወስዱት ጋሼ።»

አልጣሽ እቤት ገብታ በሆዷ ተኛች። ሰዉ ሁሉ ኀዘን ነው ብሎ ተዋት። በሦስተኛው ቀን ሰውነቷ እንደ እሳት ነደደ። በአራተኛው ቀን መቃዠት ስትጀምር እትዬ ዙፋን ገብተው በሩን ዘግተው አዩዋትና ራሳቸውን ይዘው ወጡ። «መኪና! መኪና ፈልጉ!» ከማለት በቀር ለጋሽ ወልዴ ምንም አልነገሯቸውም። ጅማ ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ተደረገላት። እትዬ ዙፋን ከአልጋዋ ሥር፣ ጋሽ ወልዴ ከደጅ፣ ሠላሳ ስምንት ቀን ከረሙ። ሐኪሙ ወጥቶ «ቁስሉ ተመርዞ ደሟ ውስጥ ሊገባ ነበር። ትድናለች። ብስክሌት ላይ ግን ዳግመኛ እንዳትወጣ» አላቸው። የቱ ቁስል ብለው አልጠየቁትም። ቦንጋ ሲመለሱ «ልጅቱን ምን ነካት?» ላላቸው ሁሉ «ጉልበቷን» እያሉ መለሱ።

መስከረም ሲጠባ ዞኑ ብስክሌቱን ፈለገው። ጋሽ ወልዴ ኮርቻቸውን ለማስቀረት ፈትተው ሱቅ ወሰዱት። ፌስታሉን ገፈፉ። እንደ ልማዳቸው፣ ሳያስቡት፣ መዳፋቸውን ከኋላ ወደፊት አሳለፉበት።

እጃቸው ቆመ።

መሐል ለመሐል፣ ከርዝመቱ ሢሶ ላይ ጀምሮ እስከ አፍንጫው ድረስ፣ አንድ ስፌት አለ። የእሳቸው አይደለም። የእሳቸው ስፌት ቆዳ ውስጥ ይጠልቃል፤ ጣት አያገኘውም። ይኼ ግን በነጭ የልብስ ክር የተሰፋ፣ የተቋጠረ፣ የተወጣጠረ፣ እንደ ጉንዳን መንገድ ከቆዳው በላይ ከፍ ብሎ የሚሄድ ነው። ቋጠሮዎቹ ደርቀው ጠጥረዋል። አንዳንዶቹ ጠቁረዋል። ጋሽ ወልዴ ለቆዳ ሲሉ ብዙ ደም አይተዋል፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገሩም።

ወስፌያቸውን አንሥተው ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ፈቱ። ከሥሩ በምላጭ የተሰነጠቀ ቀጥ ያለ መስመር አገኙ። አሰነጣጠቁ ንጹሕ ነበር፤ የእሳቸው ልጅ መሆኗ ያስታውቃል። ውስጡ የበጉ ፀጉር ከመሐል ተነሥቶ፣ እንደገና ተመልሶ ተጠቅጥቋል። ያን ፀጉር በጣታቸው ሲያወጡት ኮርቻው በግራና በቀኝ ቀረ፤ መሐሉ እጅ የሚያሳልፍ ክፍት ሆነ። ልጅቱ ማንም ሳይነግራት፣ ሕመሟ ብቻ አስተምሯት፣ የአያቷን ሕግ ሠርታው ነበር።

ኮርቻውን በብብታቸው ይዘው እትዬ ዙፋን ቤት ሄዱ። ሴትዮዋ ኮርቻውን ሲያዩ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ።

«በእናቴ አጥንት ብላ አስምላኝ ነው ጋሽ ወልዴ» አሉ። «ኮርቻው ከመጣ በሳምንቱ ነው የሰነጠቀችው። ያን ጊዜ ዳነች። ዘፈነች አላሉም? ሊሄዱ ሲሉ ደግሞ እርስዎ ቅቤ ላጠጣው አሉ። በዚያን ቀን ማታ መጥታ መርፌና ክር ይስጡኝ አለችኝ። አባቴ ዘጠኝ ቀን የሰፉትን እንደቀደድኩት ካዩ ልባቸው ይሰበራል አለች። ሐዋሳ ስደርስ መልሼ እከፍተዋለሁ ብላ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልከፈተችውም?»

«እዚያ ሲደርሱ ብስክሌቶቹን በሙሉ ከዋዜማው ሰብስበው አጥር ውስጥ አስገቧቸው። ሕጉ ነው አሉ፤ እስከ ውድድሩ ድረስ ማንም አይነካም። በዚያ ቋጠሮ ላይ ነው የጋለበችው።»

ጋሽ ወልዴ ጣታቸውን በስንጥቁ ውስጥ አሳለፉ። ከዚያ «አብዱ ነግሮኝ ነበር» አሉ። «እኔ ነኝ አፉን የዘጋሁት። ዙፋን፣ እኔ ነኝ። ለሰው ሁሉ ፈረስ የማውቀውን ልጄን ነሣኋት።» እትዬ ዙፋን ሊያጽናኗቸው ብለው አብረዋቸው አለቀሱ።

እቤት ሲገቡ አልጣሽ አልጋዋ ላይ ወደ ጎን ዘመም ብላ ተቀምጣ ነበር። ከሆስፒታል ከተመለሰች ወዲህ እንደዚያ ነው የምትቀመጠው። ጋሽ ወልዴ በመንገድ ላይ ብዙ ነገር አዘጋጅተው ነበር። ይቅር በይኝ ሊሏት ነበር። መቅደድሽ ልክ ነበር፣ ከእኔ የተሻልሽ ባለሙያ ነሽ ሊሏት ነበር። ከእንግዲህ ምንም ነገር አትደብቂኝ ሊሏት ነበር። ኮርቻውን ተከፍቶ እንዳለ፣ ስንጥቁ ወደ ላይ ሆኖ፣ እግሯ ሥር መሬት ላይ አስቀመጡት። ልጅቱ አየችው። ጋቢዋን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች።

«አልጣሽ።»

«አቤት አባዬ።»

«የት ነበር ያመመሽ ልጄ?»

ልጅቱ ኮርቻውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከዚያ አባቷን ተመለከተች፤ ዓይኗ ሞልቶ ነበር። ሁሉን እንዳወቁ አውቃለች። ማወቋንም እሳቸው አወቁ።

«ጉልበቴን ነው አባዬ» አለች ቀስ ብላ።

ጋሽ ወልዴ ወደ አልጋዋ ተጠጉ። «የትኛውን?» አሉ።

«የቀኙን።»

ጓዳ ገብተው በቅል ያለውን ቅቤ ይዘው ወጡ። መሬት ላይ በርከክ አሉ። ቅቤውን በመዳፎቻቸው መሐል አሙቀው፣ አንድም ቀን ታሞ የማያውቀውን ጉልበት፣ የሚያቃጥለውን ቦታ እንደሚፈልግ ሰው፣ ቀስ አድርገው ያሹት ጀመር። እንባቸው ከቅቤው ጋር ይቀላቀል ነበር፤ አልጠረጉትም። አልጣሽ እጇን ሽበታቸው ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ ነው?» አሏት።

«አዎ አባዬ» አለች። «እዚያ ጋ ነው።»